«ተፈቅዷል» ሲባል ማን ፈቀደው?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖር አበሻ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ሕግ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ያድራል፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዲሲ ይሠራል፣ ማታ ለቅሶ ለመድረስ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይዘልቃል። በመንገዱ ኬላ የለም፤ መታወቂያ የሚጠይቀውም የለም። የሰዓት ክፍያው፣ በፍጥነት ሲነዳ የሚጠብቀው ቅጣት፣ የቤት ኪራዩ በዓመት የሚጨምርበት መጠን፣ ኪሱ ውስጥ ቢገኝ የሚያስጠይቀው ነገር ግን ድንበሩን ባለፈ ቁጥር ይለወጣል።

ክፍያውን እንይ። ጁላይ 2025 ላይ በዲሲ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ኢትዮጵያን ከሚመለከቱት በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሜሪላንድ 15 ዶላር፣ በቨርጂኒያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከሜሪላንድም ከፍ ያለ የራሱ ተመን ስላለው ትልልቅ ቀጣሪዎች 17 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር። የፌደራሉ መንግሥት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ ሳይነቃነቅ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ባለ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ሴትና ከወንዙ ማዶ ዲሲ ያንኑ ሥራ የምትሠራ እህቷ፣ ሁለቱም በዝቅተኛው ተመን በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ፣ ያኔ የሳምንት ልዩነታቸው ከ220 ዶላር በላይ ይሆን ነበር።

በጉርሻ የሚኖሩ አስተናጋጆች ዘንድ ልዩነቱ ይብሳል። የፌደራሉ ሕግ ቀጣሪው ከራሱ ኪስ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ከጉርሻ እንዲሞላ ይፈቅዳል፤ ይህ ቁጥር ከ1991 ወዲህ አልተለወጠም። ቨርጂኒያ በዚሁ ትሠራለች። ሜሪላንድ 3 ዶላር ከ63 ሳንቲም አድርጋዋለች፤ ዲሲ በ2025 10 ዶላር ደርሳ ነበር። ጉርሻው ተደምሮ ዝቅተኛውን ክፍያ ካልሞላ ጉድለቱን ቀጣሪው መሙላት ግዴታው መሆኑ ብቻ በሦስቱም ቦታ አንድ ነው። ይህን ግዴታ የማያውቁ አስተናጋጆች ብዙ ናቸውና እግረ መንገዴን ማንሳቴ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ «የዚህ አገር ሕግ ዝብርቅርቅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሥርዓት ግን አለው፤ ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ሥርዓቱን ማወቅ የግድ ነው። አንድ ነገር «ተፈቅዷል» ሲባል ሰምቶ ማን እንደፈቀደው ያልጠየቀ ሰው፣ አንዱ መንግሥት በሰጠው ፈቃድ ምክንያት በሌላው መንግሥት ፊት ወረቀቱ ሊበላሽበት ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአገሪቱ አመሠራረት ነው። 13ቱ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ከእንግሊዝ ሲለዩ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መንግሥታት ሆኑ። መጀመሪያ ያቆሙት ማዕከላዊ መንግሥት ግብር መጣል እንኳ የማይችል፣ ወታደሩን ለመክፈል የግዛቶቹን በጎ ፈቃድ የሚለምን ነበር። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ተሰብስበው አዲስ ሕገ መንግሥት ሲጽፉ ለማዕከሉ ሥልጣን ሰጡት፤ ግን ቆጥረው ነው የሰጡት። የውጭ ጉዳይ፣ ጦር ሠራዊት፣ ገንዘብ ማተም፣ ፖስታ፣ ዜግነት የማግኛ ሕግ፣ ከውጭ አገርና ከግዛት ግዛት የሚደረግ ንግድ፣ እነዚህና መሰሎቻቸው ለፌደራሉ ሆኑ። በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለፌደራሉ ያልተሰጠውና ለግዛቶች ያልተከለከለው ሥልጣን ሁሉ የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ መሆኑን ደነገገ። ስለዚህ ጋብቻና ፍቺ፣ ውርስ፣ መሬት፣ ትምህርት ቤት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የነርስና የፀጉር ሠሪ የሙያ ፈቃድ፣ አብዛኛው የወንጀል ሕግ በግዛቶች እጅ ቀረ። ሁለቱ ሲጋጩ፣ ፌደራሉ በተሰጠው ሥልጣን ውስጥ እስከሠራ ድረስ የበላይ እርሱ ነው፤ ይህም እዚያው ሕገ መንግሥት ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ተጽፏል።

ኢትዮጵያ ያደገ አንባቢ ለዚህ አከፋፈል እንግዳ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለፌደራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የቤተሰብ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራውም፣ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን በመሠረቱ የፌደራሉ ነው፤ ክልሎች ማውጣት የሚችሉት በፌደራሉ ሕግ ባልተሸፈነ ጉዳይ ላይ ነው። ጎንደር ላይ ወንጀል የሆነ ድርጊት ጅማ ላይም ወንጀል ነው። በአሜሪካ 50ዎቹም ግዛቶች የየራሳቸው የወንጀል ሕግ አላቸው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አሜሪካ» አንድ ሕግ ያላት ይመስለዋል።

የቨርጂኒያን መንገድ ተመልከቱ። በሜሪላንድ ከፍጥነት ወሰኑ 20 ማይል አልፎ የተያዘ ሰው የገንዘብ ቅጣትና በመንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ያገኘዋል፤ ያበሳጫል፣ ኢንሹራንስም ያስወድዳል፣ ግን የትራፊክ ጥፋት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከወሰኑ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ በሕጉ አጠራር ግድየለሽ አነዳድ ነው፤ ይህም ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ፍርድ ቤት በአካል መቅረብ ያስፈልጋል፤ ጥፋተኝነቱም በወንጀል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ወደ ሪችመንድ በሚወስደው ሰፊ መንገድ ላይ ወሰኑ 70 ማይል በሆነበት 86 የነዳ ሰው «ትንሽ ነው ያለፍኩት» ብሎ ይሄዳል፤ ወረቀቱን ግን እንደ ተራ ቲኬት አይቶ ቀኑን ቢያሳልፍ መዘዙ ብዙ ነው። ለዜግነት ሲያመለክትም ይህን መግለጽ ይኖርበታል። መንጃ ፈቃዱ የሜሪላንድ መሆኑ አያድነውም፤ የሚሠራበት ሕግ መኪናው በዚያች ሰዓት የሚሄድበት መሬት ሕግ ነው።

ግዛቶች ይህን ያህል ሥልጣን ካላቸው ፌደራሉ እንዴት የሰዓት ክፍያ ውስጥ ገባ? በንግድ በር ነው የገባው። ከግዛት ግዛት የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ሲጻፍ ጠባብ ይመስል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ፍርድ ቤቶች አሰፉት። ሮስኮ ፊልበርን የሚባል የኦሃዮ ገበሬ መንግሥት ከፈቀደለት ኮታ በላይ ስንዴ ዘርቶ ተቀጣ። «ትርፉ ለገበያ አልወጣም፤ ለከብቶቼና ለቤቴ ነው» ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1942 ፈረደበት። የአንድ ሰው ስንዴ ኢምንት ቢሆንም ብዙ ገበሬ እንደርሱ ቢያደርግ የአገሪቱን የስንዴ ገበያ ያናጋል፤ ስለዚህ ፌደራሉ ሊቆጣጠረው ይችላል ተባለ። የ1938 የሠራተኛ ሕግ፣ ማለትም ዝቅተኛ ክፍያንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ያመጣው፣ የቆመው በዚሁ ሥልጣን ላይ ነው።

ፌደራሉ በዚህ መንገድ ሕግ ሲያወጣ አንዳንዴ ወለል ያነጥፋል፣ አንዳንዴ ጣሪያ ይደፋል። የሰዓት ክፍያ ወለል ነው፤ ግዛቶች ከዚያ በታች መውረድ አይችሉም፣ ከፍ ማድረግ ግን መብታቸው ነው። የመኪና ጭስ ደረጃ በአንጻሩ ለብዙ ዘመን ጣሪያ ነበረው። አየር ብክለት ቀድሞ ያስቸገራት ካሊፎርኒያ ብቻ ከፌደራሉ ፈቃድ እየጠየቀች የጠበቀ ደረጃ ታወጣለች፤ ሌሎቹ የፌደራሉን ወይም የካሊፎርኒያን ይከተላሉ እንጂ ሦስተኛ ዓይነት መፍጠር አይችሉም። ሜሪላንድ የካሊፎርኒያን መርጣ ነበር። ቨርጂኒያም መርጣ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ወጣች። በጁን 2025 ኮንግረሱና ፕሬዚዳንቱ ለካሊፎርኒያ የተሰጡትን የቅርብ ጊዜ ፈቃዶች ሻሩ፤ እርሷም ፍርድ ቤት ከሰሰች።

ሌላው የፌደራሉ መሣሪያ ገንዘብ ነው። የመጠጥ ዕድሜን መወሰን የግዛቶች ሥልጣን ነበር፤ አንዱ 18 ይላል፣ ሌላው 21። ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ጠጥተው፣ ሰክረው እየነዱ ሲመለሱ ብዙ ሕይወት ጠፋ። ኮንግረሱ ግዛቶቹን «ዕድሜውን 21 አድርጉ» ብሎ ማዘዝ አልመረጠም። በ1984 ባወጣው ሕግ፣ 21 ያላደረገ ግዛት ከሚያገኘው የፌደራል የመንገድ ገንዘብ ላይ ይቀነስበታል አለ። ሳውዝ ዳኮታ ከሰሰች፤ በ1987 ተረታች። በ1988 ሁሉም ግዛቶች 21 አድርገው ነበር። ከዚያ በፊትም በ1974 የመጣው አገር አቀፍ የ55 ማይል የፍጥነት ወሰን በዚሁ ዘዴ የሠራ ነው፤ በ1995 ሲነሳ ሥልጣኑ ወደ ግዛቶች ተመለሰ።

የመንጃ ፈቃዱ ነገር ለዚህ ቅርብ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ግዛት ነው፤ ፌደራሉ ግን በ2005 ባወጣው ሕግ የእኔን የማንነት ማረጋገጫ መስፈርት ያላሟላ ካርድ አውሮፕላን ማረፊያና ፌደራል ሕንፃ ላይ አልቀበልም አለ። ግዛቶች ተቃወሙ፣ ቀኑ ደጋግሞ ተራዘመ፤ አፈጻጸሙ የተጀመረው ሜይ 7 ቀን 2025፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወረቀት ለሌላቸው ነዋሪዎችም የሚሆን የተለየ ካርድ ይሰጣሉ። ካርዱ በሕግ መኪና ያስነዳል፣ ለፌደራል ጉዳይ ግን አያገለግልም።

ፌደራሉ በገንዘብ መጫኑም ቢሆን ልክ አለው። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ሜዲኬይድን (ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) ያላሰፋ ግዛት ነባሩን ገንዘብ ጭምር እንዲያጣ ይል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ይህ ማባበል ሳይሆን ማስገደድ ነው ብሎ ቅጣቱን አነሳ፤ ማስፋፋቱ የግዛቶች ምርጫ ሆነ። ሜሪላንድና ዲሲ ቀድመው አሰፉ። ቨርጂኒያ ስትከራከር ቆይታ በ2019 ጀመረች። ቴክሳስ እስከ 2025 አላሰፋችም። ልጅ የሌለው፣ አካል ጉዳት የሌለበት ዝቅተኛ ገቢ ያለው ዜጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢኖር ሜዲኬይድ ያገኛል፤ ዳላስ ቢሄድ ምንም ያህል ቢደኸይ አያገኝም። ኪራይ ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ቴክሳስ ከመዛወር በፊት መታየት ያለበት ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው የቤት ዋጋ ብቻ ነው።

ካውንቲዎችና ከተሞች ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስማቸው እንኳ የለም። የግዛቱ ፍጡሮች ናቸው፤ ያላቸው ሥልጣን ግዛቱ የሰጣቸው ነው። ቨርጂኒያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአይዋ ዳኛ በነበረው በጆን ዲለን ስም የሚጠራውን ጠበቅ ያለ መርህ ትከተላለች፤ በዚህ መርህ መሠረት ካውንቲ ወይም ከተማ የግዛቱ ምክር ቤት በግልጽ ያልሰጠውን ነገር ማድረግ አይችልም። አርሊንግተን ወይም ፌርፋክስ «የእኛ ኑሮ ውድ ነው፣ ዝቅተኛ ክፍያውን እናሳድግ» ቢሉ አይችሉም። የኪራይ ጭማሪ ላይም ጣሪያ መጣል አይችሉም። ሜሪላንድ ለትልልቅ ካውንቲዎቿ ሰፊ ነጻነት ስለሰጠች ሞንትጎመሪ በ2023 ባወጣው ሕግ የብዙ ቤቶችን ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ ቢበዛ በ6 በመቶ ወሰነ። አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ ተከራዮች መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው። የቨርጂኒያ ነዋሪ ስለ ኪራይ ለካውንቲው ቦርድ ቢጮህ ቦርዱ ቢሰማውም እጁ የታሰረ ነው፤ ጩኸቱ መድረስ ያለበት ሪችመንድ ላሉት የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ነው።

ዲሲ ከሁሉም የተለየች ናት። ግዛት አይደለችም። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥቱን መቀመጫ በኮንግረሱ ሥር አድርጎታል። ከንቲባና ምክር ቤት የመምረጥ መብት ያገኘችው በ1973 በወጣ ሕግ ነው፤ ምክር ቤቷ የሚያወጣውን ሕግ ግን ኮንግረሱ ሊሽር ይችላል። በ2023 የከተማዋን አዲስ የወንጀል ሕግ ሽሮታል። ሴናተር የላትም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለችው ተወካይም ድምፅ አትሰጥም። የ700,000 ገደማ ሕዝብን፣ ከእነርሱም መካከል የብዙ ወገኖቻችንን፣ ሕግ በመጨረሻ የሚወስኑት እነርሱ ያልመረጧቸው ሰዎች ናቸው። ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ስለ ወጥ ቤትም ትንሽ ልበል፤ ብዙ አበሻ እንጀራውን የሚያገኘው ከምግብ ቤት ነውና። የፌደራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለምግብ ቤቶች ያዘጋጀው ደንብ በራሱ ሕግ አይደለም፤ ናሙና ነው። ሕግ የሚሆነው ግዛቱ ወይም ከተማው ሲያጸድቀው ነው፤ አንዱ አዲሱን እትም፣ ሌላው የቆየውን ሊይዝ ይችላል። ክትፎ በጥሬው ወይም በለብለብ የሚያቀርብ ቤት ሜኑ ግርጌ ላይ ያልበሰለ ሥጋ ለሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል የሚጻፈው ማሳሰቢያ ከዚህ ናሙና የመጣ ነው። ሥጋው ራሱ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ለሽያጭ የሚቀርብ ሥጋ መርማሪ ባለበት ቄራ መታረድ አለበት። እንደ ቨርጂኒያ ያሉ ግዛቶች ከፌደራሉ የማያንስ የራሳቸው ምርመራ ያካሂዳሉ፤ የግዛቱ ማኅተም ብቻ ያለበት ሥጋ ግን በመደበኛው ከግዛቱ ውጪ አይሸጥም። ለፋሲካ ገጠር ወርዶ በሬ ገዝቶ ቅርጫ የሚካፈል ሰው ለባለከብቱ፣ ለቤተሰቡና በነጻ ለሚጋበዝ እንግዳ ብቻ በሚፈቅደው ልዩ ድንጋጌ ይጠቀማል። ያ ሥጋ «ለሽያጭ አይደለም» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ላይ ኪሎ እንኳ ቆርጦ ለምግብ ቤት መሸጥ ሕግ መጣስ ነው።

ቤዝመንት ማከራየትም እንዲሁ ነው። ለመኖሪያ ቤት የፌደራል የግንባታ ሕግ የለም፤ የባለሙያዎች ማኅበር የሚያሳትመውን ናሙና ግዛቶች እየመረጡ ያጸድቃሉ። ቨርጂኒያ ለመላው ግዛት አንድ ሕግ አላት፤ ሜሪላንድ ካውንቲዎች እንዲያሻሽሉት ትፈቅዳለች። ሞንትጎመሪ ውስጥ ቤት ለማከራየት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። የትም ሆነ የት ቤዝመንት ውስጥ የተሠራ መኝታ ቤት በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት በቂ መስኮት ወይም በር እንዲኖረው መጠየቁ አይቀርም። በዚህች ነጥብ ላይ ማንም ቤት ያለው ወገን እንዳይዘናጋ እለምናለሁ፤ አዲስ ለመጡ ልጆች መስኮት የሌለው ክፍል ማከራየት ሕይወታቸውን በእሳት ላይ መጣል ነው።

አሁን አደገኛ ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። ማሪዋና በ1970 በወጣው የፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በመጀመሪያው፣ በጣም በተከለከለው ምድብ ተመደበ። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕመምተኞች ፈቀደች፤ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛት በ2012 ለአዋቂ ሁሉ ፈቀዱ። በእኛ አካባቢ ዲሲ በ2014 የሕዝብ ድምፅ፣ ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ፈቀዱ። የተፈቀደው ግን በየቦታው ሌላ ሌላ ነው። ሜሪላንድ ፈቃድ ያላቸው መሸጫዎች ከፈተች። ቨርጂኒያ ጥቂት መያዝና እቤት መትከል ፈቅዳ የችርቻሮ ገበያውን ሳትከፍት 2025ን ፈጸመች። ዲሲ መሸጥን ልትፈቅድ ስትል አንዲ ሃሪስ የተባሉ ከሜሪላንድ የተመረጡ የኮንግረስ አባል በበጀት ሕግ ውስጥ ክልከላ አስገቡባት፤ መያዝና በነጻ መስጠት ተፈቅዶ መሸጥ ያልተፈቀደባት ከተማ ሆነች።

ታዲያ ፌደራሉ የከለከለውን ግዛት እንዴት ይፈቅዳል? እውነቱን ለመናገር አይፈቅድም፤ ግዛቱ የሚያደርገው የራሱን ቅጣት ማንሳት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ፌደራሉ የግዛትን ባለሥልጣናት የፌደራል ሕግ አስፈጽሙ ብሎ ማዘዝ እንደማይችል ወሰነ። ስለዚህ የሜሪላንድ ፖሊስ በማሪዋና ምክንያት እንዲያስር ማንም አያስገድደውም። የፌደራሉ ሕግ ግን ባለበት አለ። በ2005 የካሊፎርኒያ ሕመምተኞች ለራሳችን ሕክምና እቤታችን ያበቀልነው ነው ብለው ሲከራከሩ ፍርድ ቤቱ የፊልበርንን ስንዴ ጠቅሶ ፈረደባቸው። የማሪዋናን ምድብ ዝቅ ለማድረግ የተጀመረ ጥረት አለ፤ ምድብ መውረድ ግን መፈቀድ አይደለም።

ተራውን አሜሪካዊ ይህ ተቃርኖ ብዙም አያስጨንቀውም። እኛን ግን ያስጨንቀናል፤ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ሙሉ በሙሉ የፌደራል ነው፤ ማመልከቻችሁን የሚያየው መኮንን ሜሪላንድ ምን እንደፈቀደች አይመለከትም። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት የተፈቀደ ማሪዋና መጠቀምም ሆነ በማሪዋና ንግድ ውስጥ መሥራት ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። አንድ ጊዜ ብቻ እስከ 30 ግራም ለራስ መያዝን የሚመለከት ጠባብ ልዩነት አለ። መታሰር ወይም መፈረድ የግድ አያስፈልግም፤ በቃለ መጠይቅ «አዎ፣ ተጠቅሜያለሁ፤ እዚህ ተፈቅዷል» ብሎ በቅንነት መናገር ራሱ ሊበቃ ይችላል። ግሪን ካርድ ይዞ ከአገር ወጥቶ የሚመለስ ሰውም በድንበር ይህን ቢናገር መግባቱ አጠያያቂ ሊሆን ይችላል። በሜሪላንድ መሸጫ ገንዘብ ተቀባይነት የተቀጠረች ልጅ ግብር እየከፈለች፣ ደመወዟ በቼክ እየወጣ፣ በግዛቱ ዘንድ ሕጋዊ ሠራተኛ ናት፤ በፌደራሉ ዓይን ግን የተከለከለ ዕፅ ታዘዋውራለች።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ብዙ ወገኖቻችን የጭነት መኪና ይነዳሉ፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ የሚያስደርገው የዕፅ ምርመራ የፌደራል ስለሆነ የግዛት ፈቃድ መከላከያ አይሆንም። በፌደራል ድጎማ በተከራዩት ቤት ውስጥ መያዝ ቤት ሊያሳጣ ይችላል። ዲሲ ውስጥ እንኳ ናሽናል ሞልና ሮክ ክሪክ ፓርክ የፌደራል መሬት ናቸው፤ እግረኛ መንገዱ ላይ የማያስጠይቅ ነገር ሣሩ ላይ ሲደርሱ የፌደራል ወንጀል ይሆናል። ጫትም አለ። የማሪዋና ሕጎች ጫትን አይጨምሩም፤ እርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በፌደራሉ የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ነው። «ማሪዋና ከተፈቀደ ጫት ምን አለበት» ብሎ በፖስታ የሚያስልክ ሰው ራሱንም ላኪውንም ያስይዛል።

የግዛቶች ነጻነት ጉዳት ብቻ አይደለም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን በአማርኛም ያዘጋጃሉ፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ፌደራሉን ብንጠብቅ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር፤ የተገኘው የከተማው ሰው አጠገቡ ያለውን ምክር ቤት መጠየቅ ስለቻለ ነው። ከፍ ያለ የሰዓት ክፍያም፣ የኪራይ ጣሪያም በዚሁ መንገድ መጥተዋል። ወጪውን የሚሸከመው ግን አዲስ የመጣውና እንግሊዝኛው ያልጠነከረው ነው፤ ከ50 ሕጎች መካከል በእርሱ ላይ የሚሠራውን ለይቶ የሚነግረው ሰው የለውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዕድራችሁ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ፣ መስጊዳችሁ ገና የመጡትን ሲቀበል ከስልክና ከሥራ ጋር ይህንንም ንገሯቸው፦ የፈቀደው ግዛት ነው ወይስ ፌደራሉ ብለው ይጠይቁ። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁና ለዜግነት የምትዘጋጁ፣ ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት፣ በተለይ ቨርጂኒያ ላይ የፍጥነት ክስ ወይም ከማሪዋና ጋር ማንኛውም ንክኪ ካላችሁ፣ በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የመሸጫው ሠራተኛም፣ ጓደኛም፣ ቅጽ የሚሞላ ሰውም የጠበቃን ቦታ አይተካም።